መከታ የታመመበት ዓርብ

ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ይመሰክራሉ። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ተመስገን እላለሁ፣ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ይህን ጠባዬን እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እንደ በጎ ምግባር እቆጥረው ነበር። ዝም ያለ ሰው አይዋሽም እል ነበር። አሁን ግን ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ድረስ አንዲት የሐሰት ቃል ሳልተነፍስ አንድ ሙሉ መኪና ሰው ስላታለልኩ፣ ዝምተኛ ሰው ሳይ እጠራጠራለሁ።

ነገሩ የውሻ ነው።

መከታን ያሳደገችው ልጄ ቤዛ ናት። ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው ታጥፎ የቀረ። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ብርድ ልብሷንም በሶዋንም ጭና ሄደች፤ ለእኔ የተወችልኝ እሱን ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "እማዬ፣ መከታን አደራ!" አለችኝ። "አንቺም ራስሽን ጠብቂ" የሚለው የመጣው አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። አልተቀየምኩም። ስትደውልም መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ስልኩን የታጠፈው ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ሲያወሩ እኔ ወጥ አማስላለሁ።

በጥቅምት ያበደ ውሻ ከከተማው ዳር ሰው ነከሰ። ወዲያው በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፦ ውሻ ያለው ይሰር፤ ሳይታሰር መንገድ ላይ የተገኘ መርዝ ይበላል። ትክክል ነው፤ ሰው ይበልጣል። እኔም ገመድ ገዛሁ።

ገመዱን በላው። ሰንሰለት ገዝቼ ከአልጋዬ እግር ጋር አሰርኩት፤ ከኪዳን ስመለስ አልጋዬ በሩ ላይ ተወትፎ አገኘሁት፤ እሱ አንገቱን ከሰንሰለቱ አሹልኮ ወጥቷል። ጓዳ ዘጋሁበት፤ የበርበሬው ዘንቢል ላይ ወጥቶ እስኪነጋ ሲያስነጥስ አደረ። ጠዋት ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ፣ "ማን ታመመብሽ? ጉንፋኑ ክፉ ነው እኮ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ባውቅ ኖሮ እዚያው ተንበርክኬ ንስሐ እገባ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ግን ጨዋ ነው። የሚያመልጠው የቤተ ክርስቲያን ደውል ሲመታ ብቻ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ኪዳን ስሄድ ይከተለኛል፤ ከደጁ ውጭ ይቀመጣል፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ሰዎች "ውሻሽ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ይመጣል" ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ልጄ የተመሰገነች ያህል ደስ ይለኝ ነበር። እነሆ ያ ደስታ ሊያስገድለው ሆነ።

አንድ ጠዋት እስኪ እኔ ብቀርስ ብዬ ቀረሁ። ደውሉ ተመታ። መከታ ተነሥቶ ጠበቀኝ። ተቀምጬ ሳይ ገርሞት አየኝ። ትንሽ ታገሠኝ። ከዚያ የአጥሩን ቆርቆሮ በአናቱ ገፍቶ ያለእኔ ሄደ።

በነጠላ ጫፍ እንባዬን እየጠረግሁ ስሮጥ ደጁ ላይ ደረስኩ። ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ለምን ዘገየሽ በሚል ዓይን አየኝ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ግን የሰው ውሻ መርዝ በልቶ ተጋድሟል። የዚያን ዕለት ወሰንኩ፤ የመርዙ ዘመቻ እስኪያልፍ ከአቀስታ ማዶ ያለችው እህቴ ዘንድ ይሂድ። የእህቴ ቤት ከእርሻ መሐል ነው፤ ደውል አይሰማበትም። ደውል የማይሰማበት ቤት በመፈለጌ ራሴን ታዘብኩት።

ቤዛ በስልክ መመሪያ ሰጠችኝ። ጠዋት አታብይው፣ መኪና ላይ ያስታውከዋል። አንገቱን ሳይሆን ደረቱን እሰሪው፣ ፍሬን ሲያዝ እንዳይታነቅ። ጭንቅላቱን በመስኮት እንዳያወጣ። በሚያውቀው ጨርቅ ሸፍኚው፣ እንዳይፈራ። ይህን ሁሉ ከስልኳ ላይ ነው ያገኘችው፤ በስልኳ ውስጥ ያሉት ውሾች የራሳቸው ወንበር አላቸው። የእኛን ሚኒባስ ማንም አልነገራቸውም።

መናኸሪያ ሄጄ አንድ ረዳት ጠየቅሁ። "ውሻ?" አለኝ። "እናቴ፣ ተሳፋሪው እኔን ያወርደኛል እንጂ እሱን አይጭነውም። ከፈለግሽ ከላይ ከፍየሎቹ ጋር እሰሪው።" ጣሪያው ላይ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ! ተመስገን ብዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ጠዋት ውርጭ ወርዶ ነበር። ቤዛ እንዳለችው ደረቱን በትርፍ ነጠላ አሰርኩ፤ ጨርቅ እንዳለችው በአሮጌው ጋቢ ጠቀለልኩት፤ መናኸሪያ ድረስ የሚያመልጥበት መንገድ እንዳይኖር እንደ ሕፃን አዘልኩት። ጋቢው ሰፊ ስለሆነ ከአናቱ እስከ እግሩ ሸፈነው። ካላመናችሁኝ እምላለሁ፣ ማታለል አላሰብኩም። ረዳቱን በድጋሚ ልለምነው ነበር የሄድኩት። የዛሬው ረዳት ግን ሌላ ነበር። ጀርባዬን ሲያይ ከበሩ ላይ ዘሎ ወረደ።

"በሽተኛ ነው? ኧረ መንገድ ልቀቁ! እናቴ፣ ከፊት ግቢ! ጸበል ነው የምትወስጂው?"

እዚህ ላይ አንድ ቃል በቂ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል ተነሥቷል፤ አንዱ ዘንቢሌን ተቀብሎኛል፤ አንዷ "እኔን!" ብላለች። አፌን ዘጋሁ። ገባሁ፤ መከታን ከነጋቢው ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

መኪናው ሲነሳ ጋቢው ተንቀጠቀጠ።

"ብርድ ብርድ ይለዋል" አሉ ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ። ሼህ እንድሪስ ይባላሉ። ጀለቢያቸው ነጭ፣ ጥምጣማቸው ነጭ፤ ለጁምዓ ሶላት አቀስታ እየወረዱ ነው። "ልጅሽ ነው?"

ልጄ ያሳደገችው ነው ልበል ብዬ ሳሰላስል ጊዜ አለፈ።

"ተይው፣ አትናገሪ። አብሽሪ። አላህ አፊያ ያድርግልሽ።"

"አሜን" አልኩ።

የመጀመሪያው አሜን ይህ ነው። ሰው ሲመርቅ አሜን አለማለት አልችልም፤ ስፈጠር እንዲህ ነኝ።

ከኋላዬ ያሉት ሴት ደግሞ አንገታቸውን አስገቡ። እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፤ ስማቸውን ለመንገር ሳይጠየቁ የሚቀድሙ ደግ ሴት ናቸው። "ስሙ ማነው የኔ እህት?"

"መከታ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሦስት አልፎታል።"

"ሦስት?" አሉ፤ የጋቢውን ርዝመት በዓይናቸው ለኩ። "ምነው ገዘፈሳ!"

"አባቱን ወጥቶ ይሆናላ" አለ ሾፌሩ።

አባቱን አላውቀውም ብዬ እውነቱን ልናገር ነበር። እግዚአብሔር ሲረዳኝ ዝም አልኩ።

እትዬ ዘነቡ ዳቦ ቆረሱ። "ቅመስ በለው።"

"ዓርብ ነው" አልኩ። ጾሜ ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

"ለታመመ ልጅ ምን ዓርብ አለው!" አሉና እጃቸውን በጋቢው ክፍተት ሰደዱ። ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ፍጡር ነው። ዳቦው እንዴት እንደጠፋ እኔም አላየሁ።

"ውይ ጣቴን!" አሉ እጃቸውን ሲስቡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። "በላ እኮ! ጎረሰው! ሊድን ነው!" እልልታቸውን አቀለጡት። መኪናው ሙሉ አጨበጨበ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።

"ክርስትና ስሙን ንገሪኝ" አሉ እትዬ ዘነቡ እንባ ባቀረረ ዓይን። "ለመድኃኔ ዓለም ልሳልለት።"

እዚህ ላይ ዝምታ አላዋጣኝም። ሴትየዋ ትከሻዬን ይዘው ይጠብቃሉ። የጨነቀው አፌ የሚያውቀውን አንድ ስም አወጣ። "ወለተ ሥላሴ" አልኩ። የራሴ ነው።

"ወንድ ልጅ ወለተ ሥላሴ?" አለ ሾፌሩ።

"ዝም በል አንተ! የራሷን ነው የነገረችን። ጭንቀት አእምሮዋን ወስዶት ነው፣ አፈር ስሆን" አሉ እትዬ ዘነቡ። "ግድ የለም። ወለተ ሥላሴን ከጭንቋ ገላግልልኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ እለዋለሁ። እሱ ያውቀዋል።"

"አሜን" አልኩ። ሁለተኛው አሜን። እሳቸው ከመንገድ ዳር ባለች መንደር ወረዱ፤ መስኮቱን እየመቱ "አይዞሽ!" አሉኝና በጭጋጉ ውስጥ ገቡ። የእኔን ውሸት ይዘው ወረዱ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አልተገነዘብኩም። አንድ የሚያይ ዓይን ቀነሰልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ። በምን በምን ተመስገን እንደምል አያችሁ?

መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። መከታ ተንሸራቶ ጭንቅላቱን የሼህ እንድሪስ ጉልበት ላይ ጣለ። ልስበው ስል "ተይው ይረፍ" አሉና መዳፋቸውን ጋቢው ላይ አድርገው በለሆሳስ ቁርአን ይቀሩበት ጀመር። ድምፃቸው የሚያስተኛ ነው። መከታ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ከጋቢው ስር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ የሼሁ እጅ ወዳለበት ሄደ።

ሼህ እንድሪስ ቁርአናቸውን አቁመው ዝቅ ብለው አዩ። ፊታቸው ላይ የመጣው ርኅራኄ እስከ ዛሬ ሌሊት ያነቃኛል።

"እጄን ይስማል" አሉ። "አያችሁ ወይ? ታሞም አደቡን አልረሳ። እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሽው?"

ሁሉም አዩኝ። "በደንብ አሳድጋዋለች" አለች አንዲት ሴት። እኔ መሬት እንድትከፈት እየጸለይኩ ነበር። ሰውየው ዉዱእ አድርገው፣ ታጥበው ነጽተው ለሶላት እየሄዱ ነው፤ ውሻ እጃቸውን እየላሰ ነው፤ እኔ በአስተዳደጌ እየተመሰገንኩ ነው። ንገሪ አለኝ ልቤ። ብነግር በዚህ ሜዳ ላይ ያወርዱታል አለኝ ሌላው ልቤ። ውጭውን አየሁ። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ውርጭ የመታው ገብስና ጭጋግ ብቻ። ጅቡ የማይታየው ሰዓቱ ስላልደረሰ ነው።

"አሜን" አልኩ፤ ማንም ሳይመርቀኝ።

እዚያው የበግ መንጋ መንገዱን አቋረጠ። ከመንጋው ጋር አንድ ትልቅ ውሻ ነበር። ውሻው ጎማውን እያየ ጮኸ።

የኔውም በጋቢው ውስጥ ሆኖ መለሰለት።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ስመ ሥላሴ ጠራች። ማንም ውሻ ነው አላለም። እንዴት ይበል? እናት ውሻ አዝላ ትሄዳለች ብሎ ማን ያስባል? ጸበል ቦታ ክፉ መንፈስ የያዘው ሰው ሲጮኽ ያልሰማ ደግሞ የለም።

"ይኼማ ተራ ሕመም አይደለም!" አለ ሾፌሩ። "አቀስታ እስክንደርስ አይቆይም። እዚህ ጠምዛዛው ላይ ጸበል አለ፤ እናድርሰው።"

"አድርሱት" አሉ ሼህ እንድሪስ። "እኔ ቢረፍድብኝም ግድ የለም። የሰው ነፍስ ይበልጣል።"

መኪናው ከዋናው መንገድ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። መከታን መልሼ አዘልኩት፤ እኔን ደግፈው አወረዱኝ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ደጁ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ውሻ ይዤ ወደ ቅጥሩ? እንዲህስ አልገባም።

"ግቢ እንጂ እናቴ!" አለ ረዳቱ።

ንቅንቅ አላልኩም።

"እሷንም ከለከላት!" አለች ያችው ሴት። "ያደረበት ነው የሚይዛት! ተቀበሏት!"

ሾፌሩና ረዳቱ ጋቢውን ከጀርባዬ ሊያነሱ ያዙት። ቄሱ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። ያ መስቀል ሊነካው ሲል አፌ ተከፈተ።

"አባቴ፣ ተዉት! ውሻ ነው!"

ቄሱ አዘኑብኝ። "ምነው ልጄ፤ የታመመ ልጅ ይሰደባል? በልጅሽ ተስፋ አትቁረጪ።"

"ውሻ ነው እኮ!"

"አንደበቷን ያዘባት" አለ ሾፌሩ ለቄሱ፤ እያስረዳልኝ ነው።

የገላገለኝ መከታ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደውል ተመታ። ጋቢው ተወራጨ፤ የታጠፈው ጆሮ ብቅ አለ፤ አፍንጫው ተከተለ፤ ነጠላ በደረቱ የታሰረ ቡናማ ውሻ ከሁለት ሰው እጅ ዘሎ ወረደ። ወደ ውስጥ አልሮጠም። ከደጁ ውጭ፣ ልክ በለመደው በኩል፣ ቁጭ አለ። ጅራቱን ወደ ራሱ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ቤተ መቅደሱ አየ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ ውሻውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፤ ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ዞረው የሼህ እንድሪስን እጅ አዩ። ሼህ እንድሪስም እጃቸውን አዩ።

"እናቴ" አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ተሰብሯል። "ጥሩምባ ነፍቼልሻለሁ እኮ።"

"ይቅር በሉኝ" አልኩ።

"እኛ ይቅር እንላለን። ውሻው ግን እዚሁ ይቀራል። ሼሁ ለሶላት የሚሄዱ ሰው ናቸው! ማን ከእሱ ጎን ይቀመጣል?"

በዕድሜዬ ያላወራሁትን ያን ጊዜ አወራሁ። ዘመቻውን ነገርኳቸው፣ መርዙን፣ ደውሉን፣ የልጄን አደራ። በዚህ ሜዳ ላይ ከተውኩት ማታውን አያልፍም አልኩ። ለልጄ ምን ብዬ እደውላለሁ አልኩ። ተዉኝና ከእሱ ጋር በእግሬ ልሂድ አልኩ።

ቄሱ ገብተው በጆግ ውሃ ይዘው መጡ። ለሼህ እንድሪስ አቀረቡላቸው። "ጸበሉ አይደለም፣ አብሽሩ፤ የወንዝ ውሃ ነው። አፈሩም ይኸው ከእግርዎ ሥር ነው፤ ውሻ የላሰው በአፈርም እንደሚታጠብ ወጋችሁን አውቃለሁ።"

ሼህ እንድሪስ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ለመታጠብ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ጆጉን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ ጀለቢያቸው ጉልበት ላይ የቀረውን እርጥብ ነገር አዩ።

"ቆይማ" አሉ። "አሁን ብታጠብ ልብሴ እንደሆነ ተነክቷል። አቀስታ የእህቴ ልጅ ቤት ቅያሬ አለኝ፤ እዚያ ስደርስ አንዴ እታጠባለሁ። ሁለት ጊዜ ለምን ልልፋ?" ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "ከእኔ ጎን ይቀመጣል። ከአሁን በኋላ የሚያበላሽብኝ የለም።"

"ሼሁ፣ ኧረ..."

"አደብ አለው ብዬ በሰው ፊት መስክሬለታለሁ። ምስክርነቴን አልስብም። በይ አንቺ፣ አምጪው። ጁምዓው እንዳያመልጠኝ።"

አቀስታ እስክንደርስ ጭንቅላቱን እዚያው ጉልበታቸው ላይ አድርጎ ተኛ። አንድ ጊዜ ብቻ ሼህ እንድሪስ ዝቅ ብለው አዩት፤ "ሦስት ዓመት!" አሉና ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሲወርዱ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። "ተነሺ። ሌላ ጊዜ ንገሪን" አሉ። "አንጫንም ብንልሽ ጥፋቱ የኛ ይሆን ነበር።"

ዘመቻው አለፈ። ተመስገን፣ መከታም ተመለሰ፤ የእህቴ ባል ከአህዮቹ ጋር በእግር ነዳው፤ መኪና የሚል ቃል በቤታችን አይነሣም። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደት ሰጥተውኛል፤ ሲሰጡኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሁሉም አለቀ ስል፣ አንድ እሑድ ከመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ስወጣ ደጁ ላይ እትዬ ዘነቡን አየኋቸው። በብብታቸው አዲስ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው።

"ወለተ ሥላሴ!" ብለው አቀፉኝ። "ይኸው ከመንደሬ ድረስ ስፈልግሽ። ልጁ እንዴት ሆነ? ዳነ?"

ማምለጫ ነበረኝ። "ድኗል፣ ተመስገን" ብል እውነት ነው። ሴትየዋ ጃንጥላቸውን አስገብተው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ዝም ብልም እንደ ሐዘን ይቆጥሩልኛል። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

ከዚያ ለቀቅኩት።

"እትዬ ዘነቡ፣ ድኗል። ግን ልጅ አይደለም። ያውና።" ከደጁ ውጭ የተቀመጠውን አሳየኋቸው። ሌላውንም ሁሉ፣ ዳቦውንም ሳይቀር፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን አዩ። እኔ ጃንጥላው በየት በኩል እንደሚያርፍብኝ እጠብቃለሁ።

"እኔ መቼ መከታ ብዬ ተሳልኩ?" አሉ በመጨረሻ። "ወለተ ሥላሴን ከጭንቋ ገላግላት ነው ያልኩት። አሁን ጨንቆሻል?"

አሰብኩ። "አሁን አልጨነቀኝም" አልኩ።

"እንግዲያ ስለቴ ደርሷል። በይ ያዢልኝ፣ አብረን እናስገባው።" ጃንጥላውን በእጄ አስያዙኝ። ወደ ውስጥ ልንገባ ስንል መለስ ብለው መከታን አዩት፤ እሱም የዳቦዋን ሴት አውቋት ጅራቱን ቆላ። "ሌባ" አሉት። "ዕድሜ ይስጥህ።"

"አሜን" አልኩ። ይኼኛውን ፊቴን ሳልሸፍን ነው ያልኩት።